የኮሎኔሉ ፍተሻ

ጡረታ የወጡት ኮሎኔል ድንበሩ በጓሯቸው ከሚያከራዩዋቸው ክፍሎች በአንዱ፣ አንዲት ምላሰኛ ጉልት ቸርቻሪ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን የክፍሉ ግድግዳ መንዘር ጀመረና ሴትዮዋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠራልኝ አለች። ኮሎኔሉ የላስቲክ ጫማቸውን አድርገው ገቡ። ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉና «ምንም የለውም፤ ፈትሼዋለሁ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ግድግዳው ትንሹን ልጇን ነዘረው። እሷም የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዛ በራቸው ላይ ቆመች። ኮሎኔሉ ሽማግሌ ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«እስቲ እነሱ ባሉበት ንገሪኝ» አሉ። «እኔ ስለ መብራት አውቃለሁ ወይስ አላውቅም? አያውቁም ካልሽ ሰድበሽኛልና ዛሬውኑ ክፍሌን ልቀቂ። ያውቃሉ ካልሽ ደግሞ ፍተሻዬን ተቀብለሽ አርፈሽ ተቀመጪ።»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ሴትዮዋ ክፍሉን ብትለቅ ከነልጆቿ የምትገባበት እንደሌላት ያውቃሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት፣ ያውቃሉ እንጂ!» አለች ሴትዮዋ። «በዚህ ግቢ ስለ መብራት የእርስዎን ያህል የሚያውቅ ማን አለ? ባያውቁማ ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት የእርስዎ መኝታ ቤት ሲነዝር ራስዎ ፈትሸው በተኙበት ነበር። አውቀው አይደል ባለሙያ ያስጠሩት?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱን ድንገት ሳል ያዘው።

ባለሙያው ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮሎኔሉም መሰላሉን ይዘውለት፣ የቱን ሽቦ ማየት እንዳለበት ሲያዙት አመሹ።