ሊቃውንቱ የባረኩት ጉድጓድ

አንድ ሊቅ ነበሩ፤ አለቃ ወልደ ሐና የሚባሉ። አገር የሚመካበት የጠቢባን ጉባኤ ሰብሳቢ ነበሩ። ጉባኤው አሥራ ሁለት ወንበር ነበረው። ወንበር የሚለቀቀው የተቀመጠበት ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ሊቃውንቱ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ቶሎ የሚሞቱ ዓይነት አልነበሩም። ስለዚህ ወጣት ተመራማሪ ሁሉ ጠጉሩ እስኪሸብት ደጅ ይጠናል። ሌላም የጸና ልማድ ነበራቸው፦ ወንበር የሌለው ሰው በጉባኤው ስም ከግቢ ውጭ አይናገርም። የፈለገውን ያህል ቢመራመር፣ የፈለገውን ያህል ቢያውቅ፣ አፉን ይዞ ይቀመጣል።

ደጅ ከሚጠኑት አንዷ ስንዱ የምትባል ወጣት ነበረች። ሥራዋ ውሃ መመርመር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ አንድ የቆላ መንደር ስትመላለስ ቆየች። የዚያ መንደር ልጆች ጥርሳቸው ገና በልጅነታቸው ይበልዛል፤ አንዳንዶቹም ሲያድጉ እግራቸው ይወለጋገዳል። ኮረዶቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ጎረቤት ያሉ መንደሮች «ዘራቸው ነው» እያሉ ሴት ልጃቸውን ለነሱ መዳር ይፈራሉ። የሚያሳዝነው መንደርተኛው ራሱ ይህንን አምኖ መኖሩ ነው።

ስንዱ ግን ነገሩ የዘር እንዳልሆነ ደረሰችበት። ጠንቁ መንደሩ መሀል ያለው ጉድጓድ ነበር። ውሃው ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነው። ከጥልቅ ድንጋይ ይዞት የሚወጣው ማዕድን ግን በሚያድግ ልጅ ጥርስና አጥንት ውስጥ ይገባል። ከኮረብታው ማዶ፣ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ምንጭ አለ። የምንጩ ውሃ ደፍረስ ቢልም ይህ ጣጣ የለበትም።

አለቃ ወልደ ሐና ጽሑፏን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንዲት እንከን ፈልገው ሲያጡበት ደስ አላቸው። ትንሽም ቀኑ፤ ቅናታቸውን ግን ለራሳቸውም አልነገሩም። ጉባኤው ሰባት ቀን ተከራክሮ «እውነት ነው» ብሎ አጸደቀው።

«እንግዲያውስ አለቃ፣ ይፍቀዱልኝና እኔ ሄጄ ልንገራቸው» አለች ስንዱ። «ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። በየቀኑ ለልጆቻቸው የሚያጠጡት እኮ ነው!»

«ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?» አሏት አለቃ። «ታላቅ ነገር በታላቅ አፍ ነው የሚነገረው። እኛው እንሄዳለን።»

«እኔስ?»

«አንቺ ጽሑፉን ትይዥልናለሽ።»

ሄዱ። ኧረ እንዴት ያለ አካሄድ! አሥራ ሁለቱም ካባቸውን ደርበው፣ በሰጋር በቅሎ ተቀምጠው ቆላ ወረዱ። መንደርተኛው በእልልታ ተቀበላቸው። ደህና ጥላ ያለው ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ብቻ ስለነበረ መቀመጫው እዚያው ተዘጋጀላቸው። አለቃ ተነሱና ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ተናገሩ። ስለ ውሃ ባሕርይ ተናገሩ፤ ስለ ማዕድናት አከፋፈል ተናገሩ፤ የጥንት ጠቢባን ምን እንዳሉ፣ ያሉትም ለምን እንደማያስኬድ አብራሩ። «ከዚህ ጉድጓድ ለልጆቻችሁ አታጠጡ» የምትለዋን ቃልማ አልረሷትም። ብቻ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መካከል «የጉድጓዱን ማዕድናዊ ይዘት ከሕፃናት ዕድገት አንጻር በጥንቃቄ ማጤን ተገቢ ይሆናል» ተብላ አለፈች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ጉልበታቸውን ስሞ ሸኛቸው።

«አየሽ?» አሏት አለቃ ስንዱን በመንገድ ላይ፣ ፊታቸው በደስታ እያበራ። ስንዱ ወደ ጉድጓዱ ዞራ ዞራ እያየች ተከተለቻቸው።

ወር ሳይሞላ ስንዱ ከመንደሩ እያለከለከች መጣች።

«አለቃ፣ ጉድ ሆነናል! የጉድጓዱ ሰልፍ እጥፍ ሆኗል። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር እንስራ ተሸክመው እየመጡ ነው።»

«ምን ሲሉ?»

«ሊቃውንቱ በካባ መጥተው የባረኩት ውሃ ነው ሲሉ!»

አለቃ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ተቆጡ፤ ማመን ግን አቃታቸው። በማግስቱ ካባቸውን ትተው ተራ ጋቢ ለብሰው ከስንዱ ጋር ወረዱ። ማንም አላወቃቸውም። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ወይዘሮ ዘነቡ የምትባል እናት ገና ሁለት ጥርስ ያበቀለች ሕፃን ታቅፋ በቅል ታጠጣ ነበር።

«ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ» ትላለች። «የአለቃ ውሃ ነው።»

አለቃ ወልደ ሐና ይህን ሰሙ። «ወይ እኔ! በገዛ አፌ መርዝ ባርኬ ሄድኩ» አሉ በልባቸው። እንባቸው መጣ። ሮጠው ቅሉን ሊነጥቁ አሰቡ፤ ነገር ግን ዛሬ ቢነጥቁ ነገ ተመልሳ እንደምትቀዳ ገባቸው። ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ተናገሪ!»

«ወንበር የለኝም እኮ፣ አለቃ።»

«ወንበሩ ገደል ይግባ! ተናገሪ ነው የምልሽ!»

ስንዱ ንግግር አላደረገችም። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበረ ከኮረብታው ማዶ ያሉትም መጥተዋል። «እስቲ አንድ ጊዜ ተባበሩኝ» አለች። «ከዚህ ጉድጓድ እየጠጣችሁ ያደጋችሁ በቀኝ በኩል፣ ከማዶው ምንጭ እየጠጣችሁ ያደጋችሁ በግራ በኩል ቁሙልኝ።» ሰዉ እየተሳሳቀ ቆመ።

«አሁን ጥርሳችሁን አሳዩ።»

«ምነው ልጄ፣ እንደ በቅሎ ልትገዢን ነው?» አለ አንዱ ቀልደኛ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መካከል እርስ በርስ ሲተያዩ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። በግራ በኩል ያለው ጥርስ ሁሉ ነጭ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ በልዟል።

አንድ ሽማግሌ ተከዙና «እሱማ ዘራችን ነው። ፈጣሪ ያመጣውን ምን እናደርገዋለን?» አሉ።

ስንዱ ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። «ወይዘሮ ዘነቡ፣ እስቲ ብርቄንና አስካለን ይጥሩልኝ» አለች። ሁለቱ የዘነቡ ትልልቅ ልጆች ናቸው። ብርቄ አያቷ ጡት እንደጣለች ወስደው ከማዶ ያሳደጓት ናት፤ አስካለ እናቷ ጋ ያደገች። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሁለቱ አባት አንድ ነው?»

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው? በሠርግ ባገባኝ ባሌ ነው እንጂ!» አለች ዘነቡ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«እንግዲያው ደማቸው አንድ ነው» አለች ስንዱ። «ውሃቸው ነው ሁለት።»

ብርቄ ፈገግ አለች። አስካለ ትንሽ አመነታችና አፏን የሸፈነችበትን እጅ አወረደች። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ዘነቡ ሁለቱን አየች፤ ያቀፈቻትን ሕፃን አየች፤ በቅሉ ውስጥ የቀረውን ውሃ መሬት ላይ ደፋችው። ቀና ስትል ዓይኗ ጋቢ ከለበሱት ሽማግሌ ላይ አረፈ።

«እርስዎ… አለቃ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ያን ሁሉ ሲናገሩ፣ ምነው ይህንን ሳይነግሩን ሄዱ?»

«ነግሬያችሁ ነበር፣ ልጄ።»

«ኧረ እኛ አልሰማንም!»

አለቃ የተደፋውን ውሃ አዩ። «እንግዲያው አልነገርኳችሁም» አሉ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማቸው።

ወደ ጉባኤው ሲመለሱ አሥራ አንዱ ሊቃውንት «ልማድ ፈረሰ፣ ክብራችን ተነካ» ብለው አጉረመረሙ። አለቃ ግን ፍንክች አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሊቅ አንድ ወጣት ተመራማሪ ከጎኑ እንዲይዝ፣ የሥራ ቦታ፣ መሣሪያና የመንገድ ስንቅ እንዲሰጠው ተደነገገ። አዲስ ነገር ያገኘም ራሱ ገበያ ወጥቶ ይናገራል፤ የሰማው ሰው መልሶ ለጎረቤቱ መንገር ካልቻለ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ስንዱ ወንበር ሳታገኝ ብዙ ዓመት ቆየች፤ አፏን የያዘ ግን አልነበረም።

መንደርተኛውም ለልጆቹ ከማዶ ምንጭ መቅዳት ጀመረ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በተራ እየተጋገዙ ለመዱት። የአስካለ ጥርስ ዳግመኛ አልነጣም። ያቺ ሁለት ጥርስ የነበራት ታናሽ እህቷ ግን አድጋ ስትስቅ ላየ ሰው፣ የመንደሩ ጨለማ የነጋው በእሷ አፍ ይመስለዋል።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰሚው ያልገባው እውነት አንዳንዴ ከውሸት እኩል ይጎዳል። ያወቀ ወጣት አፉ ሲያዝ ደግሞ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቅ ቅሉን አንስቶ የሚጠጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። ታላቅ ከሆንን ለታናሹ መንገድ እንልቀቅለት፣ ስንቁንም እንቋጥርለት። ታናሽ ከሆንን ያወቅነውን እናታችን በሚገባት ቃል እንናገር። እስቲ አንተም ቆም ብለህ አስብ፦ በቤትህ ወይም በመሥሪያ ቤትህ፣ ወንበር ስለሌላት ብቻ ዝም ያሰኘሃት ስንዱ ማን ናት?