«ሲስተም የለም» ያላለችው ልጅ

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሐዋሳ የምትኖር። ትማራለች፣ ትሠራለችም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ትውላለች፤ ዓርብና ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ሲጨርሱ ዲግሪም ሙያም ይዘው የሚወጡበት አዲስ ዓይነት ትምህርት ነው። ብዙ ልጆች አመልክተው ጥቂቶች ብቻ ናቸው የተመረጡት።

ታዲያ ደስ አይልም? ደስ ይላል። ግን ልጅቷን በስሟ የሚጠራት ሰው ጠፋ። ድርጅቱ ውስጥ «እስቲ ተማሪዋን ጥሯት» ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ደግሞ ሙሉ ሳምንት የሚማሩት ልጆች «ሠራተኛዋ መጣች» ይላሉ። አባቷ እንኳን፣ «ልጄ፣ ወይ ተማሪ ሁኚ ወይ ሠራተኛ ሁኚ፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ይሏታል። እኔም ስሟን ገና አልነግራችሁም። ቆዩ።

መጀመሪያ ከፋት። ኋላ ግን ምን አገኘችበት መሰላችሁ? ምቾት። አዎ፣ ምቾት አገኘችበት። ሥራ ቦታ ከበድ ያለ ነገር ሲሰጧት «እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ፤ ፈተናም አለብኝ» ትላለች። ዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ ሳታስረክብ ስትቀር «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። አለቃዋ ስታጠና የምትውል ይመስላቸዋል፤ አስተማሪዋ ሥራ ጠምዶ የያዛት ይመስላቸዋል። እሷ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች።

ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። ትንሽ ቆይቼ ወደ እናንተ እመጣለሁ።

ያ ድርጅት ለአንድ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በሽተኛ ሲመጣ በወረቀት ፈንታ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገብና በኔትወርክ ወደ ምርመራ ክፍል ይላካል። ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። ኔትወርክ የጠፋ ለታ ግን ያልተላከው ምዝገባ ሁሉ ጥርግ ብሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ካርድ ክፍል የሚሠሩት ወይዘሮ አለሚቱ በመስኮቱ ብቅ ብለው ምን ይላሉ? እስቲ እናንተው ንገሩኝ። «ሲስተም የለም።» ይኸው፣ አንድም የሳተ የለም። ይህን ቃል ከአባታችን ሆይ እኩል ነው የምታውቁት።

ልጇን ያዘለች እናት ሰልፉን ጨርሳ፣ ተመዝግባ፣ ወንበር ላይ አረፍ ካለች በኋላ እንደገና ተነስታ ከሰልፉ ጭራ ትቆማለች። ልጁ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። እሷ ትቆማለች።

ወይዘሮ አለሚቱ አንጀታቸው አልቻለም። አንድ ቀን ልጅቷ ኮምፒውተሩን ልታይ ስትመጣ እጇን ያዙና፣ «የኔ ልጅ፣ ሰው እየተሰቃየ ነው። እባክሽ አንድ ነገር አድርጊ» አሏት። ምን ብላ መለሰች? «እትዬ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ። ለአለቆቹ እነግርልዎታለሁ።» ነገረች? አልነገረችም።

እንግዲህ ያ ትምህርት አንድ ደንብ አለው። በየመንፈቁ አለቃና አስተማሪ አንድ ላይ ተቀምጠው ተማሪውን ያነጋግራሉ። አለቃዋ አቶ ግዛቸው መጡ፤ አስተማሪዋ ዶክተር አስካለ መጡ። ልጅቷም መጣች፤ ምን እንደሚጠብቃት አላወቀችም።

«የቤት ሥራዋን የማታመጣው እናንተ ሥራ ስለምታበዙባት ነው» አሉ ዶክተር አስካለ፣ ቆጣ ብለው።

አቶ ግዛቸው ግራ ገባቸው። «እኛ? እኛማ ፈተና አለባት ስለተባለ ሥራ ከሰጠናት ስንት ጊዜያችን።»

ሁለቱም ቀስ ብለው ዞረው አዩዋት። ወገኖቼ፣ አሁን የት ትግባ? እስከዛሬ ከአንዱ ስትሸሽ ሌላው ጉያ ነበር የምትደበቀው። አሁን ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

«ከፕሮግራሙ ብትወጪ ዲግሪውንም ሥራውንም በአንድ ቀን ነው የምታጪው» አሉ ዶክተር አስካለ። «ይገባሻል?»

አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ «ዋሽቻለሁ» አለች። «ሁለታችሁንም ነው የዋሸሁት። ተማሪም ሠራተኛም አልሆንኩም።» ይህን ማለት ቀላል ይመስላችኋል? ይህችን አንዲት ቃል ሳይሏት የሸበቱ ስንት ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ።

አቶ ግዛቸው ዶክተር አስካለን አዩ። ከዚያም፣ «እስከሚቀጥለው መንፈቅ አንድ ሥራ ይዘሽ ነይ» አሏት። «እኔና እሳቸው አብረን የምናየው፣ ለሁለታችንም የሚሆን። ካልሆነ በሰላም እንሰነባበታለን።»

ምን ልሥራ ብላ ስታስብ መጀመሪያ የመጣባት የወይዘሮ አለሚቱ እጅ ነው። ሁለተኛ የመጣባት ለፈተና ሸምድዳ የረሳችው ትምህርት ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ የተጻፈውን እራሱ ጋ ያስቀምጣል፣ መስመሩ ሲመለስ ይልካል የሚል። ይህን ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱ ዩኒቨርሲቲ፣ በሽታው ሆስፒታል ነበር። በመሀል የነበረችው እሷ ናት፤ አላገናኘቻቸውም።

ዓርብ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። «እኛ ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ችግር አለ፤ ይህ ትምህርት ይፈታው ይሆን?» ሰኞ ደግሞ ሥራ ቦታ፣ «ክፍል ውስጥ እንዲህ ተምረናል፤ ልሞክረው?» አለች። አያችሁ? እነዚያው ሁለት ቦታዎች ናቸው። ድሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትወስደው ሰበብ ነበር፤ አሁን የምትወስደው ሥራ ሆነ።

እንዲህ በቀላሉ ሆነላት አልልም። መጀመሪያ ስትሞክረው መስመሩ ሲመለስ አንዱን በሽተኛ ሁለት አድርጎ መዘገበው። «እኚህ ሰውዬ መንታ ሆኑ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ። እንደገና አፈረሰችው፣ እንደገና ሠራችው። ስልኳን መነካካት የት አባቱ።

ቀኑ ደረሰ። አቶ ግዛቸውና ዶክተር አስካለ ካርድ ክፍል መጡ። የሆስፒታሉ ኃላፊም ሰምተው መጥተዋል። ሰልፉ እስከ በር ነው። ወይዘሮ አለሚቱ እየመዘገቡ ሳለ አቶ ግዛቸው ጎንበስ አሉና የኔትወርኩን ገመድ ነቀሉት።

ወይዘሮ አለሚቱ በልማዳቸው ወደ መስኮቱ ብቅ አሉ፤ አፋቸውንም ከፈቱ። ልጅቷ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አለ። ይቀጥሉ» አለቻቸው። እሳቸውም አመን አላመን እያሉ ቀጠሉ። ሰዉ በየተራ ስሙን ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ የሚጻፈውን ስም አንድ በአንድ በዓይኗ ትከተላለች። ከዚያ ገመዱ ተሰካ። ዶክተር አስካለ ምርመራ ክፍል ካለው ኮምፒውተር ፊት ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስም ማንበብ ጀመሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ከሰልፉ «አቤት» ይላል። ሌላው ይጠራል፣ «አቤት»። አንድም አልጠፋ። አንድም መንታ አልሆነ።

መጀመሪያ እልል ያሉት ወይዘሮ አለሚቱ ናቸው። ሰልፍ ላይ የነበሩት እናቶች ነገሩ ሳይገባቸው ተቀበሏቸው፤ ሆስፒታሉ ሠርግ ቤት መሰለ።

«ማነው ይህን የሠራው?» አሉ ኃላፊው። አቶ ግዛቸው «ተማሪያችን» አላሉም። ዶክተር አስካለም «ሠራተኛ ናት» አላሉም። ሁለቱም እኩል፣ «ፍሬሕይወት» አሉ። ይኸው፣ አሁን ስሟን ነገርኳችሁ። ተመረቀችም። አባቷ ጎረቤት ሲጠይቃቸው ምን እንደሚሉ አልጠፋቸውም፤ ሳይጠየቁም ይናገራሉ አሉ።

በሉ፣ አሁን ወደ እናንተ። እመጣለሁ ብያችሁ አልነበር?

እሁድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ የታመመውን ጎረቤታችሁን ለምን አልጠየቃችሁም ስትባሉ፣ «ሥራ አላስቀምጥ ብሎን ነው» ትላላችሁ። ሰኞ ሱቃችሁ ውስጥ፣ ሚዛኑ ለምን ጎደለ ስትባሉ፣ «ይሄ ንግድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ትላላችሁ። ቢሮ የምትሠሩትማ፣ «ዛሬ ጸሎት አለኝ» ብላችሁ ባለጉዳይ በር ላይ ስታስጠብቁ ትውላላችሁ። በጸሎት እንኳን ሰበብ ሠራን እኮ፣ ምን ቀረን?

እሁድ የሚሰማችሁ ጌታና ሰኞ የሚያያችሁ ጌታ ሁለት ይመስሏችኋል? ጠረጴዛው አንድ ነው። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ፍሬሕይወት ያን ቀን ሁለቱ ፊት ስትቆም ያለቀላት መስሏት ነበር፤ ሕይወቷ የተጀመረው ግን ያን ቀን ነው። እናንተም ዛሬውኑ «ዋሽቻለሁ» በሉ። በእግዚአብሔር ፊት ይህን ብሎ በስሙ ሳይጠራ የቀረ የለም።

እዚህ የምትሰሙት ለፈተና አይደለም። ሸምድዳችሁ በር ላይ የምትጥሉት አይደለም። ገመዱ ለሚነቀልበት ቀን ነው የተሰጣችሁ።

ነገ ደግሞ ሰኞ ነው። ገመዱ መነቀሉ አይቀርም፤ አለቃ ያመናጭቃችኋል፣ ቤት ውስጥ ኩርፊያ ይኖራል፣ ድካሙም አለ። ልክ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ሸክሙን አዝሎ መስኮታችሁ ጋ ይመጣል። ትንሽ ትዕግሥት፣ ትንሽ ምሕረት ፈልጎ ነው። ይህን ሁሉ እሁድ ሲሰማ የኖረ ሰው ለዚያ ሰው «ሲስተም የለም» ይለዋል? አይለውም። ወገኖቼ፣ «አለ፣ ግባ» በሉት።