የቢምረው ቋጠሮ

ልጆቼ፣ ድሮ ድሮ፣ የሸማ ጫፍ ከብረት ሰንሰለት ይልቅ በሚፈራበት ዘመን፣ ወይራ ምንጭ በሚባል መንደር አያ ቢምረው የሚባል ጌሾ ሻጭ ነበር። ያለችው አንዲት የጌሾ ጓሮ ናት። ከእሷ ይበላል፣ ከእሷ ይለብሳል። ባላምባራስ ወሰኔ ይህችኑ ጓሮ ተመኙና "የአባቴ ርስት ናት" ብለው ከሰሱት።

ዳኛው "ነገሩ በገበያ ቀን ይታያል፤ እስከዚያ ዋስ ጥራ" አሉት። ቢምረው ዞር ብሎ ጎረቤቶቹን አየ። ሁሉም አቀረቀሩ። ባላምባራስን ማን ይዳፈራል!

"ዋስ የሌለው በቁራኛ ይታሰር!" አሉ ባላምባራስ እየሳቁ። ቁራኛ ማለት ሸማ ከሸማ ቋጥሮ አብሮ መዋል ነው፤ ቋጠሮውን ቀድሞ የፈታ ሙግቱን ያጣል። ባላምባራስ በእሳቸው ፈንታ እንዲቋጠር አሽከራቸውን ጠሩ። ቢምረው ግን እጅ ነሥቶ፣

"ጌታዬ ዳኛ፣ አሽከሩ መቼ ከሰሰኝ? የከሰሱኝ እሳቸው ናቸው" አለ።

"እውነቱን ነው" አሉ ዳኛው። ሸማው ከባላምባራስ ሸማ ጋር ተቋጠረ።

ምሳ ደረሰ። የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነውና፣ ባላምባራስ ሊያስመርሩት ብለው ጮማውን አስመለሱና ደረቅ ቆሎ አስመጡ። እሱ እንደሆነ ቆሎ ለምዷል፤ ቆረጠመ። እሳቸውም ሆዳቸው እየጮኸ ቆረጠሙ።

ደግሞ በፈረስ ሊያስሮጡት አሰቡ። እግራቸውን እርካብ ላይ ሲያደርጉ ቋጠሮው ላልቶ ሊፈታ ደረሰ። ደንግጠው ወረዱ። ቢምረውም "እንግዲያው ጌሾዬ ሳይደርቅ ልልቀም" ብሎ ወደ ጓሮው ሄደ። እሱ ሲያጎነብስ አጎነበሱ፣ እሱ ሲነሣ ተነሡ። ወገባቸው ተቆረጠ።

የገበያው ቀን መጣ። ቢምረው ጌሾውን ተሸክሞ ገበያው መሀል ቆመ። "ጌሾ! የጓሮዬ ጌሾ!" ይላል። ባላምባራስ አጠገቡ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። አንዲት ባልቴት ጌሾ ገዛችና ወደ እሳቸው ዞራ፣

"ባላምባራስ፣ ምርቃት ይጨምሩልኝ እንጂ!" አለቻቸው።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። "በቃኝ!" ብለው ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ዳኛው ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ለችሎት ተቀምጠው ያያሉ።

"ጓሮዋ የቢምረው ናት!" አሉ። አገሩ እልል አለ። ያን ቀን ያቀረቀሩት ጎረቤቶች ተሸክመው ቤቱ አስገቡት። እሱም ደስታው ቢበዛበት አለቀሰ።

ዛሬም የወይራ ምንጭ ሰው ሙግት ሲሄድ የሸማውን ጫፍ ይቋጥራል። ጉልበተኛ የመጣበትን ሰውም ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይሉታል፦ "አይዞህ፣ የቢምረው ቋጠሮ ነው፤ ያሰረው ራሱ ይፈታዋል።"