ቸኮለና የደም ወንዝ ግድግዳ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ እግር ያላችሁም ተቀመጡ፤ ይህ ተረት ራሱ መቀመጥ አይወድም።

ድሮ ድሮ ዘርፈሽዋል የምትባል ስፌት ሰፊ ነበረች። አንድ ቀን ሌማት ስትሰፋ ወስፌው ጣቷን ወጋት። በተወጋው በኩል ተውሳኮች ገቡ፤ ገብተውም ሥጋዋን መብላት ጀመሩ።

በደሟ ወንዝ ውስጥ ቸኮለ የሚባል ነጭ ወታደር ይኖር ነበር። ወሬውን ሲሰማ አላስችል አለው። "ዛሬ ካልደረስኩ ጣቷ ይበሰብሳል! ጣቷ ከሄደ እጇ፣ እጇ ከሄደ ሁላችንም አለቅን!" እያለ ተጣደፈ። ቁስሉ አጠገብ ሲደርስ ወደ ወንዙ ዳር ዘለለ። ወንዙ ግን አንስቶ ወሰደው፤ አለፈ።

ዞሮ መጣ።

"ልጄ፣ ቀስ በል" አለችው የወንዙ ግድግዳ። ቁስሉን አይታ ትንንሽ ጣቶቿን አውጥታ ነበር። "በጣቶቼ ላይ ተንከባለል። ይዤ እለቅሃለሁ፣ ይዤ እለቅሃለሁ፣ እስክትረጋ።"

"እኔ ወታደሩ? እንደ ድንች ልንከባለል? እነዚህ ቀያይ መንገደኞች ምን ይሉኛል!" አለና በትልልቅ እጆቹ ሊይዛት ሞከረ። እጆቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ አልዘረጋ አሉ። ወንዙ አንስቶ ወሰደው፤ አለፈ። አብረውት የሚፈሱት ቀያይ የደም መንገደኞች ሳቁበት። ቸኮለ አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ።

ለሦስተኛ ጊዜ ዞሮ ሲመጣ የዘርፈሽዋል ጣት አብጦ እንደ እሳት ይጋረፍ ነበር።

"እሜቴ፣ ያዢኝ!" ብሎ ጮኸ።

ያዘችው፣ ለቀቀችው። ያዘችው፣ ለቀቀችው። ቸኮለ ተንከባለለ። ቀያዮቹ ሳቁ፤ ይሳቁ! ቀስ ሲል ነው የቁስሉ ጠረን አፍንጫው የደረሰው። ያን ጊዜ የታጠፉት እጆቹ ተዘረጉና ግድግዳይቱን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ወንዙ ጎተተ፤ ቸኮለ ግን አልሄደም።

"አሁን አሳልፊኝ፣ እሜቴ።"

"ከወጣህ እኮ አትመለስም፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ። አሳልፊኝ።"

ግድግዳይቱ ከመጋጠሚያዋ ፈቀቅ አለች። ቸኮለ ሾልኮ ወጣ። ከኋላው ጓደኞቹም እየተንከባለሉ ደረሱ፤ ከተውሳኮቹም ጋር እስከ ሞት ተዋጉ።

በሦስተኛው ቀን ዘርፈሽዋል ከጣቷ ጫፍ ትንሽ ነጭ መግል ጠረገች። "እሰይ፣ ተሻለኝ" አለችና ወስፌዋን አነሳች። የጠረገችው ቸኮለን ነበር።

እኔ ተረቴን እዚህ አሳረፍኩ፤ እናንተም ለእርዳታ ስትሮጡ የሚይዝ እጅ ቢዘረጋላችሁ አትግፉት፤ የሚያደርሳችሁ እሱ ነው።