ኖራ የተቀባችው ዝግባ

በሉ ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ወዲህ ጠጋ ይበል፤ ወሬ ያለበት እደጅ ወጥቶ ጨርሶ ይምጣ። መሃል ላይ «ከዚያስ?» እያለ የሚያቋርጠኝን አልወድም። ከዚያማ ራሴ እነግራችኋለሁ።

ድሮ፣ ዛፍና ኤሊ ቁጭ ብለው በሚያወሩበት ዘመን፣ በአንድ ከተማ መሃል፣ በአንድ አሮጌ ሰፈር ውስጥ አሮጌ መናፈሻ ነበር። ድሮ ስላችሁ ፎቶ ማንሻ የነበረበት ድሮ ነው፤ እንዳትጨቀጭቁኝ። መናፈሻው ከሰፈሩ ሁሉ ይቀድማል። የድንጋይ አጥሩን ማን እንደካበው የሚያስታውስ ሰው አልቀረም። በመሃሉ አንዲት ዝግባ ቆማለች፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አቅፎ የማይጨርሳት ዝግባ።

ያ መናፈሻ የሙሽሮች ነበር። ቅዳሜና እሁድ በደረሰ ቁጥር መኪናው እየጮኸ፣ ሚዜው እየጨፈረ፣ ሰርገኛው ግር ብሎ ይገባና ዝግባዋ ሥር ፎቶ ይነሳል። ፎቶ አንሺው «ወደ እኔ! ወደ እኔ እዩ!» ይላል። ሁሉም ወደ እሱ ያያል፤ ለዝግባዋ ጀርባውን ይሰጣታል።

«ስንት ሙሽራ መጣ፤ የአንዷን ፊት እንኳ አላውቅም» ትላለች ዝግባዋ። «የማውቀው ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ቀን እኔን ብሎ የመጣ የለም።»

«እኛስ?» ይሏታል ርግቦቹ ከቅርንጫፏ ላይ።

«እናንተማ የቤት ናችሁ።»

«እኛስ?» ይሏታል ንቦቹ ከግንዷ ቀዳዳ።

«እናንተም የቤት ናችሁ።»

ኤሊ ከሥሯ ብቅ ብሎ «እኔስ?» ይላል።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትቆጠረው?» ትለዋለች። ኤሊ አንገቱን መልሶ ያስገባል።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ የመናፈሻው ጥበቃ ጋሽ ዘርጋው በባልዲ ኖራ በጥብጠው መጡ። ሰፈሩ ለበዓል ይመር ተብሎ የዛፉን ግንድ ሁሉ እስከ ወገቡ ነጭ ቀቡት። ዝግባዋን ቀብተው ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና፣ «ይኸው፣ ዛሬስ ሙሽራ መሰልሽ!» አሏት።

ጨዋታ ነበር። እሷ ግን እውነት አደረገችው። ወደ ታች አየች፤ ነጭ! እስከ መሬት ድረስ ነጭ! «ለካ ልዳር ነው! ሙሽራው ሊመጣልኝ ነው!» አለች። ምን ታድርግ? ስንት ዘመን የሚያያት አጥታ የከረመች ናት፤ አልፈርድባትም።

ማምሻውን ርግቦቹ ለማደር ሲመጡ ቅርንጫፏን አወናጨፈች።

«ውጡልኝ! ቬሎዬን ልታበላሹት ነው?»

«ኧረ ምን ነካሽ? እዚሁ ተፈልፍለን እዚሁ ያደግን!»

«ሙሽራዬ ሲመጣ ኩሳችሁን ይርገጥ? ውጡ አልኩ!»

ርግቦቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ብድግ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ንቦቹን «ሙሽራዬን ትነድፉብኛላችሁ፣ ሂዱልኝ» አለቻቸው።

«ማራችንስ?»

«ተሸክማችሁት ሂዱ!»

ንቦቹም ንግሥታቸውን ይዘው ውልቅ አሉ።

በሦስተኛው ቀን የኤሊ ተራ ሆነ። ኤሊ ግን ዝም የሚል አይደለም።

«እሜቴ ዝግባ፣ ይኼ እኮ ኖራ ነው። እኔም ጀርባዬ ላይ ጠብ ብሎብኛል። እኔ ታዲያ ሚዜ ልሁን?»

«ምቀኛ! ጭቃህን ይዘህ ከፊቴ ጥፋ!»

ኤሊ መንገድ ጀመረ። ከዓይኗ እስኪጠፋ ሁለት ቀን ፈጀ፤ የኤሊ ነገር!

ጥምቀት አለፈ፤ የሰርጉ ወራት ገባ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጥቁር ሱፍ የለበሰ መለሎ መጣ። «መጣልኝ!» አለች። እሱ ጀርባውን ሰጣት፤ ፎቶውን ተነሳ፤ የራሱን ሙሽራ ይዞ ሄደ። «ይኼ የእኔ አይደለም» አለች። በሁለተኛው ቅዳሜ ግራጫ ሱፍ የለበሰ መጣ። እሱም ሄደ። «ይኼም የእኔ አይደለም» አለች። በሦስተኛው ቅዳሜ ማንም አልመጣም። በአራተኛውም አልመጣም። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ በሁዳዴ ደግሞ ሰርግ የለም። ይህን የሚነግራት አልነበረም። ኤሊ ያውቅ ነበር፤ ኤሊን አባራዋለች።

ያኔ ብቸኝነት ምን እንደሆነ አወቀች። በፊት የምታማርረው ለካ ብቸኝነት አልነበረም! ሲመሽ «እንደምን ዋልሽ?» የሚላት የለም። ሲነጋ ግንዷ ውስጥ እዝዝ የሚል የለም። የበልግ ዝናብ መጣና ኖራውን እያጠበ ወደ ቦዩ ወሰደው። እንደ በፊቱ ቡናማ ሆነች፤ ባዶዋን ግን ቀረች። አለቀሰች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ ፈለቀች የሚባሉ ሴትዮ ብቻቸውን መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ከቦርሳቸው አሮጌ ፎቶ አወጡና ዝግባዋ ፊት ለፊት ቆሙ። ፎቶውን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ፤ ፎቶውን ያያሉ፣ እሷን ያያሉ። ዝግባዋ ከደስታዋ ብዛት ቅጠሏን ማንቀሳቀስ ፈራች።

ጋሽ ዘርጋው ጠጋ አሉ። «እናቴ፣ ሰው ይጠብቃሉ?»

«የለም ወንድሜ። ዛፏን ልጠይቃት መጥቼ ነው።»

«ዛፏን?»

«ከክንፉዬ ጋር የተጋባን ቀን እዚች ሥር ፎቶ ስንነሳ፣ ርግብ ከላይ አዲሱ ሱፉ ላይ ኩሷን ጣለችበት። እንዴት እንደሳቅን! ይኸው፣ ስንስቅ ነው የተነሳነው። አርባ ዓመት ሙሉ በተኳረፍን ቁጥር "ርግቧን ልጥራት እንዴ?" ይለኝና ያስቀኝ ነበር። ጥር ላይ ቀበርኩት። ቤቱ ጭር አለብኝ። ርግቦቹን እንኳ ሰምቼ ልመለስ ብዬ ነው። የት ሄዱ?»

«እኔም አላወቅኩ እናቴ። አንድ ቀን ድንገት ጠፉ።»

«እስቲ ትንሽ ልቆይ።»

እትዬ ፈለቀች የዝግባዋ ሥር ላይ ተቀመጡ። እስከ ቀትር ጠበቁ። አንድም ክንፍ አልተሰማም። «ይኼም እንደ ቤቴ ሆኗል» አሉና ፎቶውን ወደ ቦርሳቸው መልሰው ተነሱ።

«እማማ፣ ቆዩኝ! እጠራቸዋለሁ!» ብላ ጮኸች ዝግባዋ። የሰው ጆሮ ግን ያኔም የዛፍ ቋንቋ አይሰማም። ቅጠል የተንሿሿ መሰላቸው፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ።

ዝግባዋ በዚያ የሚያልፈውን ቁራ ጠርታ ላከችው። ቁራ ተልኮ መቼ ይመለሳል ትሉኛላችሁ፤ ያን ቀን ተመለሰ።

«ርግቦቹን ከገበያው ጣሪያ ሥር አገኘኋቸው» አላት።

«ምን አሉ? ቂም ይዘውብኛል?»

«የለም። "ይቅር ብለናታል፣ ሰላም በልልን" ብለዋል።»

«ይመጣሉ ታዲያ?»

ቁራው አጥሩ ላይ እንደቆመ ክንፉን በምንቃሩ ያበጥር ጀመር።

«ንገረኝ እንጂ!»

«እዚያ ፈልፍለዋል። ጫጩቶቹ ስለ አንቺ ሲወራ "ዝግባ ማን ናት?" እያሉ ይጠይቃሉ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ይመጣል ለምትሉት እንግዳ ስትሉ አብሯችሁ የሚያመሸውን አታስወጡ። ስታስወጡት የሚሄደው እሱ ብቻ አይደለም፤ እሱን ብሎ ሊመጣ የነበረውም ይቀራል። እኔ የሰማሁትን አወራኋችሁ፤ እናንተም ለማይሰለቻችሁ ሰው አውሩት።