ሳያፏጭ የተኮሰው አዳኝ

«አንድ አናጺ ነበረ፤ አደን የሚወድ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ።

ይበልጣል የሚባለው ጎልማሳ ወደ እሳቸው የመጣው ጥያቄ ይዞ ነበር። ታናሽ ወንድሙ አባታቸውን ከገደለው ሰው ቤት ሲወጣ በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ በማግስቱ ዘመድ ሰብስቦ ወንድሙን ከአባታቸው ቤት ሊያስወጣ፣ ዳግም ላያናግረውም ሊምል ቆርጧል። ሚስቱ መጀመሪያ ጠይቀው እያለች ስላስቸገረችው ግን፣ «የኔታ፣ በዓይኔ ያየሁትን ምን ብዬ ልጠይቀው? ብጠይቀውስ ይክዳል እንጂ ያምናል?» አላቸው።

«ተናግረህ ጨርሰሃል፤ አሁን ዝም ብለህ ስማ» አሉና ቀጠሉ።

«ይህ አናጺ ሳምንቱን በርና መስኮት ሲሠራ ሰንብቶ ቅዳሜ ሲነጋ ጠመንጃውን ይዞ ቆላ ይወርዳል። ብቻውን አይሄድም፤ ታናሽ ወንድሙ አብሮት ነው። ከአንድ ሜዳ ዳር በቅርንጫፍና በሣር ማድፈጫ ሠርተዋል፤ አውሬው ሳያያቸው እነሱ የሚያዩበት ጠባብ ጎጆ ነው። እዚያ ተቀምጠው ይውላሉ። ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ ስታልፍ ታናሽየው ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይይዛል። እውነቱን ልንገርህ፣ እሱ የሚመጣው ለማየት ነው፤ ለመግደል የሚመጣው ታላቅየው ነበር።

«አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ሣር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ከመተኮስ በፊት አንዴ ማፏጨት ነው። ሰው ከሆነ አፏጭቶ ይመልሳል። አውሬ ከሆነ ቀና ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሮጣል። በዚህ ልማድ ስንት አውሬ አምልጧቸዋል መሰለህ! ታላቅየው ይናደዳል፤ ግን ያፏጫል። አሥር ዓመት እንዲህ አደኑ።

«አንድ ሰሞን ታላቅየው ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ አጋዘን አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ሦስት ሳምንት ተመላልሶ አጣው። በአራተኛው ቅዳሜን ውለው፣ አድረው፣ እሁድም ረፈደ፤ ምንም የለም። ማታ ወደ ሥራው መመለስ አለበት። ታናሽየው ውሃ ልቅዳ ብሎ ወደ ምንጩ ወረደ። ታላቅየው ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል እሺ አለው።

«ብዙ ሳይቆይ ሣሩ ተንቀሳቀሰ። ሣሩ ሰው የሚውጥ ነው፤ ከሣሩ በላይ ሁለት ቀንድ ብቅ አለ። ያው የተጠማዘዘው ቀንድ ነው። አልተሳሳተም፤ ይህን ልብ በል። ያየው ቀንድ እውነተኛ ቀንድ ነው፣ የዚያው የአጋዘኑ ቀንድ ነው። ሊያፏጭ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። ካፏጨሁ ይሮጥብኛል፣ ደግሞ በዓይኔ እያየሁት ምን አስፏጨኝ ብሎ ተወው። ተኮሰ።

«ቀንዱ ወደቀ። ታላቅየው እየሮጠ ሄደ። ሣሩን ገልጦ ሲያይ ወንድሙ ደረቱን ይዞ ተጋድሟል። የውሃው ጀሪካን እግሩ ሥር ነው፤ የአጋዘኑ ራስ ደግሞ ከትከሻው ወርዶ አጠገቡ ወድቋል፣ ከነቀንዱ ደርቆ። አጋዘኑ ከሞተ ሰንብቶ ኖሯል። ታናሽየው አጥንቱን ምንጩ ዳር አገኘና ወንድሜ በከንቱ አይድከም፣ ላሳየውና ወደ ቤት እንግባ ብሎ ተሸክሞት መምጣቱ ነበር።

«ታላቅየው አቅፎት ይጮሃል። ልጁ ግን አልተቆጣውም። ‹ምነው ወንድሜ፣ ሳታፏጭ?› አለው። ሌላ ቃል ሳይናገር እዚያው ሞተ።»

መምህር ልሳነወርቅ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«አንተም አላየህም አልልህም። አይተሃል። ወንድምህ ከዚያ ቤት ወጥቷል፤ ያ ቀንዱ ነው። ከቀንዱ ሥር ያለውን ግን ሣሩ ሸፍኖብሃል። ምን ሊሠራ እንደገባ እኔ አላውቅም፤ ክፉ ሥራም ሊሆን ይችላል። አንተም አታውቅም። ብጠይቀው ይክደኛል ትላለህ። አናጺውም ባፏጭ ይሮጥብኛል ነበር ያለው። ቢሮጥበት የሚያጣው አንድ አጋዘን ነበር፤ እሱም የሞተ አጋዘን።»

ይበልጣል ቀስ ብሎ፣ «ነገ ዘመዶቼ ከመጡ በኋላ ልጠይቀው?» አላቸው።

«ጠመንጃውን ከደገንክ በኋላ?» አሉት መምህሩ ቆጣ ብለው። «አሁን ተነሣ። ዛሬ ጠርተኸው የሚመልስልህ ወንድም አለህ። አናጺው ከዚያ እሁድ በኋላ ስንት ጊዜ ወደዚያ ሜዳ እየወረደ እንዳፏጨ ታውቃለህ? ሂድ፣ አንተ ሳትተኩስ አፏጭ።»