የደንገጎው ጎሚኒ

በእኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ፣ ሰው ነገሩ ሳይረጋ ለመቋጨት ሲጣደፍ ሽማግሌዎች የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ልጆቹ ስለ ገመድ የተነገረች ትመስላቸዋለች። የገመድ አይደለችም፣ የመኪና ናት። መነሻዋን ሳወራ ደግሞ ማንም አያርመኝ፤ ጎሚኒዎቹን የሸጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ ደምሰው ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ሲያስሩ የኖሩ የባቡር ሰው ነበሩ። ከልጅ እኩል የሚወዷት አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው፤ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ከመሬት ስንዝር የማትርቅ። ልጃቸው ምንተስኖት ሊያገባ ሲል፣ ሙሽሪትን ከሐረማያ በእሷ ካላመጣ ሠርግ አይባልም ብለው ድርቅ አሉ። መኪናዋ ግን ጎሚኒዋ አልቆ በየጉድጓዱ ትንኳኳለች፣ መሪዋም አይረጋ። ጎሚኒ ጎማውን የሚይዘው የመኪና እግር ከሻንሲው፣ ከዋናው የብረት አካል፣ በሚጋጠምበት ቦታ፣ ብረት ብረትን እንዳይመታ መሃል የሚገባ ወፍራም ጎማ ነው።

መካኒኩ ለጥይበሉ ከመለዋወጫ ሱቄ ፊት ለፊት ነበር የሚሠራው። እጁ ወርቅ ነው፤ ቃል ግን ይሰስታል። ሁለት ቀን ለፍቶ በሠርጉ ዕለት ማለዳ አዲሶቹን ጎሚኒዎች አስገባ። መኪናዋ ጎማዎቿ ወልቀው ድጋፍ ላይ እንደተሰቀለች ቡሎኖቹን በጣቱ ብቻ አዙሮ ተዋቸውና፣ «እንዳይነኳት፤ ቁርስ ቀምሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ለምን እንደማትነካ አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራው ባልኖረኝ። ቤቱ ገብቶ ጎኑን ቢያሳርፍ እንቅልፍ ጣለው።

አቶ ደምሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ሙሽራው ሱፉን ለብሶ ይንቆራጠጣል። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ከሥር ቢያዩ ቡሎኖቹ በጣት ይዞራሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ላላ ያለ ቡሎን ባቡር ሲጥል በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። «ልጄን ሊገድልብኝ ነው?» አሉና መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው፣ ብረቱ እስኪጮህ ድረስ አሰሩ። ጎማዎቹን ገጠሙ፣ አወረዷት፣ ልጃቸውንም መርቀው ሸኙ። እኔም ከሱቄ ሆኜ «ተባረኩ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው» አልኳቸው። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለጥይበሉ ዓይኑን እያሻሸ ሲመጣ መኪናዋ ከሄደች ሦስት ሰዓት ሊሞላት ነው።

«ማን አወረዳት?»

«እኔ። አንተ አላልተህ የተውከውንም አስሬልሃለሁ» አሉ አቶ ደምሰው በኩራት።

«ያሰሩት ሳያወርዷት ነው ወይስ ካወረዷት በኋላ?»

«ሳላወርዳት ነዋ።»

ለጥይበሉ ወደ እኔ ዞሮ «ብርነሽ፣ የመኪናሽን ቁልፍ» አለኝ።

ሦስታችን በአሮጌዋ ፒክአፔ ወደ ሐረማያ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ተያያዝነው። ባንድ ወገን ተራራ፣ ባንድ ወገን ገደል ነው። ለጥይበሉ በዚያች መንገድ ላይ ያወራውን ያህል በዓመት አያወራም። ጎሚኒ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ሲረግጥ ነው፣ የታሰረበትን አቋም ይዞ ይቀራልና አለ። እግሩ ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መኪናው ሲቆምበት ይጠመዘዛል፤ ጉድጓድ ሲመታው ደግሞ ይተረተራል። ስትወጣ ላያስታውቅ ይችላል፤ ሙሽሪትን ይዛ ስትወርድ ግን መሪው ወዳሻው ይስባል። አቶ ደምሰው በየመታጠፊያው አንገታቸውን አውጥተው ወደ ገደሉ ያያሉ። እኔም ማርሹ ጠፍቶብኝ ነበር።

አንድ ቁልቁል የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር አቀዝቅዞ፣ «ላይ መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ ቀስ በሉ» ብሎን አለፈ። አቶ ደምሰው «ልጄን» አሉ።

ከሁለት መታጠፊያ በኋላ ቀይዋን መኪና አየናት። አፍንጫዋን ተራራው ላይ ሰክታ ቆማለች። ሙሽሪት በነጭ ቀሚሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አበባዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ምንተስኖት አጠገቧ ቆሟል። መሪው ወደ ገደሉ ሲስበው ታግሎ ወደ ተራራው አላትሟት ኖሯል። አንዳቸውንም ጭረት አልነካቸውም። አቶ ደምሰው ግን መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያየ አለቀሱ።

ለጥይበሉ ከሥር ገብቶ የተተረተረውን ጎሚኒ አውጥቶ ሰጣቸው።

«ሰው የሚገድለው የላላ ነው ብለው ነው ያስተማሩኝ» አሉ እያገላበጡት።

«ልክ ነው ያስተማሩዎት። ሐዲድ ግን መሬት ረግጦ ነው የሚታሰር። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ልንገርዎት ይገባ ነበር።»

ሙሽሪት በእኔ ፒክአፕ፣ ከመለዋወጫ ካርቶን ጋር እየተንገጫገጨች ወረደች። እልልታው ግን አልቀነሰባትም። ድግሱ ሲደምቅ የሙሽሪት አባት፣ ጠጁም ደስታውም ሞቅ አድርጓቸው፣ ትንሿን ልጃቸውን ለአቶ ደምሰው ሁለተኛ ልጅ አሁኑኑ፣ እዚሁ ካላጨን ብለው ተነሡ። ልጅቷ ገና ተማሪ ናት፣ ልጁም ሥራ አልያዘም። ጭብጨባው ሊጀመር ሲል አቶ ደምሰው ከኪሳቸው ያንን የተቀደደ ጎሚኒ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ተዉ አማቼ፣ ልጆቹ በእግራቸው ይቁሙ፤ አንጠልጥለው ያሰሩት፣ ሲያወርዱት ይበጠሳል» አሉ።